ጢስሽን ማን ሸጠላቸው?

መዲናዬ፣ የሉባባ እናት፣ አሰላሙ አለይኩም።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ እስክሪብቶ ባነሳሁ ጊዜ ከኮምቦልቻ እስከ ሰንበቴ ያለው መኪና ሁሉ ቆሞ አየኝ። እሺ፣ ሁሉም አይደለም። አንድ ባጃጅ ነው የቆመው፤ እሱም ጎማው ተንፍሶበት ነው። ባለባጃጁ ግን ወላሂ አይቶኛል። «አባ እንድሪስ፣ ዛሬ ደግሞ ምን እየፈረሙ ነው?» ሲለኝ፣ «መፈረምማ በአውራ ጣቴም ስችል ኖሬያለሁ፤ አሁን እየጻፍኩ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። አንቺ ብትኖሪ አትስቂም ነበር። «አንተ እኮ አፍህ የተማረ ነው፤ ዓይንህ ነው መሀይም» ትይኝ የነበረውን አልረሳሁትም። ይኸው መዲናዬ፣ ዓይኔም ተማረልሽ። ግን በተማረ ዓይኔ ያየሁትን ብነግርሽ፣ መሀይም ሆኖ በቀረ ኖሮ ትያለሽ።

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ስድስት ቀን ቀረው። ቆጥሬ አይደለም፤ ሉባባ ናት ቆጥራ የነገረችኝ። እኔ ከቆጠርኩ መሀል ላይ ይጠፋብኛል፤ ጠዋት ጠዋት አሁንም ከጓሮ የምትመጪ ስለሚመስለኝ ቀኑን ከአንድ ነው የምጀምረው።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ዳልቻ ወልዳለች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ በተንኮሏ ያንቺን እህት ትመስላለች። የጓሮው በር ማጠፊያው ተነቅሎ ነበር፣ ጠግኜዋለሁ። ማለቴ ይመር ጠግኖታል፤ እኔ ምስማር አቀብያለሁ። ጎረቤታችን ይመር አሁንም ያው ነው፤ ሲበላ ያወራል፣ ሲያወራ ይበላል። ቦርከና ዘንድሮ ሞልቶ ከታችኛው ማሳችን ማሽላ ጥቂት ላሰው፤ የላይኛው ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ሉባባ ቤቱን እንዳንቺ ይዛዋለች። ስትቆጣ ብቻ ታንሳለች፤ አንቺ ስትቆጪ ጨፋ ድረስ ይሰማ ነበር፣ እሷ ስትቆጣ ዝም ነው የምትለው። ዝምታዋ ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ!

እኔ ደግሞ ተማሪ ሆንኩ። ካለፍሽ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው የማታ ትምህርት የተመዘገብኩት። መምህራችን ልጃችን ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ብትቆጣኝም «አባ» ብላ ነው የምትቆጣኝ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ዘጠኝ ነበርን፣ ሁለቱ በእርሻ ጊዜ ቀሩ፣ አንዱ ዓይኑን ታመመ፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። የምስክር ወረቀቴን ግድግዳው ላይ፣ ያንቺ መስታወት ከነበረበት ጎን ሰቅዬዋለሁ። ሰው ሲመጣ ውሃ ከመስጠቴ በፊት እሱን ነው የማሳየው።

ማንበብ እንዴት ያለ ነገር መሰለሽ! አገሩ ሁሉ ሲያናግረኝ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለውን ግንብ ታውቂዋለሽ? ስንት ዓመት ሙሉ ከገበያ ስመለስ ወገቤን ቀለል የማደርግበት ግንብ። «በዚህ ቦታ መሽናት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ተብሎ ተጽፎበት ኖሯል! በቀይ ቀለም! አፈርኩ፤ ግን አንብቤ በማፈሬ ኮራሁ።

ከክፍል ውጪ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ግን ግንቡ አይደለም፤ የዱቄት ሳሙና ከረጢት ነው። ገና ፊደል ጨርሼ ቃል ከቃል ማያያዝ በጀመርኩ ሰሞን። «ለማንኛውም ዕቃ። ሽታንና እድፍን ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል» ይላል። ለሉባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት፣ ለይመር ሦስት ጊዜ። ያኔ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ለመጻፍ ይሄን ያህል የሚለፋ ሰው እንዴት ይዋሻል እል ነበር።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ንዴቴ ትልቅ ነው መዲናዬ፤ ዳገት ላይ ቢያወጡት በሬ ይጎትታል።

ከእናትሽ ቤት ይዘሽው የመጣሽውን ቅል አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግን ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ስለሚሰማው ልናገረው። እናትሽም ከእናቷ ነው ያገኘችው። አንገቱ ረዘም ያለ፣ ሆዱ በጢስ ብዛት ጠቁሮ የሚያብለጨልጭ። ከእኔ ይልቅ እሱን ነበር የምትንከባከቢው። እኔን ጋቢዬን ከመሬት አንሳ ከማለት በቀር ምን ትይኛለሽ? እሱን ግን በየሁለት ቀኑ በሙቅ ውሃ ታለቀልቂዋለሽ፣ ፀሐይ ታሞቂዋለሽ፣ ከዚያ የወይራ እንጨት ጫፉን ፍም አድርገሽ ወደ ሆዱ ትከቺና ክዳኑን ይዘሽ ታሽከረክሪዋለሽ። ጢሱ በአንገቱ ቀጠን ብሎ ሲወጣ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ታሸችው ነበር። «አሁን ጠገበ» ስትይ ሰው ያጎረስሽ ነበር የሚመስለው። ከዚያ የዳልቻን ወተት ታፈሺበትና ጥግ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ማንም እንዳይነካው። እኔማ በዚያ በኩል ማለፍም አልችልም ነበር። ላሟን «ኮቱ» እያልሽ በኦሮምኛ ትጠሪያለሽ፣ እኔን «ዴሚ» እያልሽ በዚያው በኦሮምኛ ታባሪያለሽ። ላም ትመጣለች፣ ባል ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን ግን ጁምዓ ይሆናል። ከመስጊድ የሚመለሰው ሰው በራችን ላይ ቆም ይላል፤ አንቺ በጣሳ እየቀዳሽ ትሰጫለሽ። የሚያውቁሽም የማያውቁሽም ይጠጣሉ። አንድ ጊዜ ከሐርቡ የመጣ ነጋዴ ጠጥቶ ጣሳውን ሲመልስ፣ «ይህን እርጎ የሚጠጣ ባል አያረጅም» አለሽ። አንቺም እኔን ከእግር እስከ ራስ አይተሽ፣ «ይኸው አርጅቷል እኮ» አልሽው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ወላሂ ደስ ነበር ያለኝ፤ በሰው ፊት ስታይኝ።

ሉባባ ስትዳር ይዛው እንድትሄድ ነበር ሐሳብሽ። «ወርቅ የለኝም፣ ቅል ግን አለኝ» ትያት ነበር።

የሚከብደውን አሁን ልንገርሽ፤ ቁጭ በይ። ቅልሽ ታጠበ። በሳሙና።

ካለፍሽ በኋላ ባዶውን ተሰቅሎ ከረመ። ማንም እጁን ሊያሳርፍበት አልደፈረም። አምስት ወር ሲሆነው አንገቱ ላይ ሻጋታ ሸተተ። ሉባባ ናት ያጠበችው፤ ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና አድርጋ። ወጣት አይደለች? ምን ታውቃለች! የአያትሽ፣ የእናትሽና ያንቺ ጢስ በአንድ ባልዲ አረፋ ጓሮ ፈሰሰ። ከዚያ ታጥኖ ወተት ገባበት። በሦስተኛው ቀን ለይመር ተቀዳለት። አንድ ጣሳ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ አፉን በእጁ ጠረገ። ከዚያ አገሳ። መዲናዬ፣ የልብስ ማጠቢያ ሽታ ነው ያገሳው! የጽጌረዳ! «እንድሪስ ወንድሜ፣ አንጀቴን ልታጥብልኝ ፈልገህ ከሆነ ቀድመህ ንገረኝ» አለኝ።

«እኔ አይደለሁም፣ ሉባባ ናት በሳሙና ያጠበችው» አልኩት።

ሉባባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ። ምንም አላለችም። ጣሳውን ከይመር እጅ ተቀብላ ወጣች።

ይመርን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ለእሱ የነገሩትን ነገር ለሬዲዮ መስጠት ይሻላል፣ ሬዲዮ ቢያንስ ማታ ይዘጋል። በሳምንቱ ወሬው ቦኖው ጋ ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ጨፋ ሮቢት ገባ። ሮቢት ደግሞ ሰዎች ነበሩ መዲናዬ፤ ለሉባባ ሽማግሌ የላኩ ደህና ሰዎች። ልጁንም አይቼዋለሁ፤ ከብት ይወዳል፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያወራው። ሉባባም አይታዋለች፤ ስሙ ሲነሳ ድስት መፈተግ ታበዛለች። ነገሩ ሊያልቅ ነበር። ከዚያ ዝም አሉ። የልጁ እናት ምን አለች ብለው ነገሩኝ መሰለሽ? «የእናቷን ቅል በሳሙና ያጠበች፣ የእኛን ቤት በምን ታጥበዋለች?»

በቅል ነው እንዴ ልጅ የሚመዘነው! የሉባባን ሙያ ማን ያውቃል? ስድስት ወር አንቺን ስታስታምም፣ ዳልቻን ስታልብ፣ እኔን የመሰለ ግትር ሽማግሌ ስትሸከም ማን አየ? ተንጨረጨርኩ። ሮቢት ወርጄ እናቲቱን በነገር ልጠብሳት ጋቢዬን ለብሼ ነበር። ሉባባ በር ላይ ቆመችና፣ «ምን ልትላቸው ነው አባዬ?» አለችኝ። ጋቢዬን መልሼ አወለቅኩ። ለምን እንዳወለቅኩ እነግርሻለሁ፤ አሁን አይደለም።

እንዲህ እያለ የዓመትሽ ሰደቃ ደረሰ። አንድ ወይፈን ይታረዳል፤ ሸኾቹ ዱዓ ያደርጉልሻል፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ያንቺን እርጎ በራችን ላይ ቆሞ የጠጣው ሁሉ ይመጣል። ምግቡ ሲነሳ እርጎ ካልቀረበ ደግሞ ምኑን ያንቺ ሰደቃ ሆነ? ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አልተናገረውም። ቅሉ ግድግዳው ላይ እንደተቀጣ ልጅ ፊቱን አዙሮ ተሰቅሏል።

ባለፈው ማክሰኞ ሉባባ ከከተማ ስትመለስ አንድ ነገር ይዛ መጣች። ትንሽ የፕላስቲክ ብርጭቆ ነው፤ አፉ በብልጭልጭ ወረቀት የታሸገ። ፊቴ አስቀመጠችው። ላዩ ላይ ምን ተስሏል? ቅል! አንገተ ረዥም፣ ጥቁር ቅል! ከሥሩ ደግሞ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ጥርሷን አሳይታ ትስቃለች። አንቺ ቅል ይዘሽ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም፤ ቅል የያዘች ሴት ሥራ ላይ ናት፣ ምን ያስቃታል?

አነበብኩት። «በወይራ ጢስ ጣዕም የተዘጋጀ እርጎ።»

ደግሜ አነበብኩት፤ ፊደሉ የከዳኝ መስሎኝ። አልከዳኝም። እንጆሪ ያለበት እርጎ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ሙዝ ያለበትም አለ አሉ፤ ይሁን፣ የከተማ ሰው የፈለገውን ይብላ። ግን ወይራ? ጢስ? ጢስሽን በፕላስቲክ አሽገው ይሸጣሉ? ማንን አስፈቅደው? ማን ሸጠላቸው?

«አባዬ፣ ለሰደቃው ይሄን እንግዛ» አለችኝ ሉባባ።

ጮህኩ መዲናዬ። ዳልቻ እስክትደነግጥ ጮህኩ። «በእናትሽ ሰደቃ ላይ የፕላስቲክ እርጎ! የከሚሴ ሰው ምን ይለናል! መዲና ብታይ ምን ትላለች!» አልኩ። ሉባባ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሰውማ የሚለውን ብሏል አባዬ። ከዚህ በላይ ስሜ አይበላሽም» አለችኝና ወጣች።

ብርጭቆውን አንስቼ ልጄን ተከትዬ እንደመሄድ ወደ ተገዛበት ሱቅ ሄድኩ። ሰው ሲናደድ ቀላሉን ነው የሚያባርረው።

ሱቁ አስፋልቱ ዳር አዲስ የተከፈተው ነው፤ መስታወት በመስታወት፣ በሩን ስትገፊው የሚያንጫርር። ባለቤቷ ሐያት ትባላለች፤ ቀልጠፍ ያለች፣ ምላሷ ያንቺን የሚያስታውስ ሴት ናት። ይመር መንገድ ላይ አይቶኝ ተከትሎኛል፤ ጠብ ያለበት ቦታ እሱ ሳይጠራ ነው የሚደርሰው። ብርጭቆውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ አደረግኩት።

«ይሄ የማን ጢስ ነው?» አልኳት።

«የፋብሪካ ነው አባ።»

«ፋብሪካ ወይራ ያውቃል?»

«አባ፣ ጣዕም ነው እንጂ እውነተኛ ጢስ እኮ አይደለም።»

እሺ ብዬ የይመርን መነጽር ከዓይኑ ላይ አውልቄ አደረግሁና ከሥር ያሉትን የጉንዳን እግር የሚያካክሉ ፊደሎች ለቀምኩ። በሱቁ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት። «ወተት፣ ስኳር፣ ማወፈሪያ፣ የጢስ ጣዕም።» ወይራ የሚል የለም! ላዩ ላይ ወይራ፣ ውስጡ ማወፈሪያ! «ታዲያ ሳይጨስ ጨሰ ብሎ መጻፍ ምን ይባላል?» አልኳት። «እኛ የማታ ትምህርት ላይ ይሄ ውሸት ይባላል።»

ሐያት ሳቀች። «የተጻፈ ሁሉ እውነት ነው ያለዎት ማነው አባ? ሰው የማያደርገውን በአፉ አደረግኩ ይል የለ? እንዲሁ በጽሑፍም ይላል» አለችኝ። ልጅቷ ምንም አታውቅም፤ ዝም ብላ ነው የተናገረችው። ጆሮዬ ግን ጋለ።

«ቢያንስ ቀምሰው ይስደቡት» ብላ ማንኪያ ሰጠችኝ። ከፈትኩት። ቢስሚላህ ብዬ ቀመስኩ።

መጀመሪያ ቅዝቃዜው ጥርሴን ነዘረኝ። እርጎ እንዴት እንዲህ ይቀዘቅዛል? ያንቺ እርጎ የቤቱን ሙቀት ይዞ ነው የሚወርደው፤ ይሄ ከሬሳ እግር ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ስኳሩ መጣ። ስኳር! ጢስና ስኳር! ለሙሽራ ነው ወይስ ለቁርጥማት? ደግሞ ለስላሳነቱ፤ ምላስ ላይ ሳይቆም ይሾልካል፣ የሰረቀ ይመስል። ያንቺ እርጎ እኮ ይታኘካል! ማንኪያ ተክለሽበት ሄደሽ ብትመለሺ እንደቆመ ነው የሚጠብቅሽ። ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ይመር መሀል ገብቶ ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቀኝና አንድ ማንኪያ ጎረሰ። «እኔን ከጠየቅከኝ ከባለፈው ይሻላል፤ ይሄ አረፋ የለውም» አለ። ሱቁ በሳቅ ሞላ። «የሉባባን እርጎ ማለቴ ነው እኮ» ብሎ ለማያውቁት ደግሞ አብራራላቸው! ሁለት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ሮቢት ነው አገሯ።

ብርጭቆውን ከይመር ነጥቄ ወጣሁ። «አይረባም!» ብዬ ነው የወጣሁት፤ በሩ ሲያንጫርር ደግሞ አንድ ጊዜ ልድገም ብዬ «አይረባም!» አልኩ።

መንገድ ላይ ሦስተኛ ማንኪያ ቀመስኩ። እንዳልጥለው ነው እንጂ ልቤ ፈልጎ አይደለም። ያኔ ነው የሆነው። ስኳሩ አለፈ፣ ቅዝቃዜው አለፈ፣ ከጉሮሮዬ ጀርባ ላይ አንድ ነገር ቀረ። ትንሽ። አንቺ ጠዋት የቅሉን ክዳን ስታነሺ፣ ገና ሳትቀጂ፣ ወደ እኔ በኩል የሚመጣው ነገር። ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋብኝ መሀል መንገድ ቆምኩ።

መሰለ መዲና። ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፣ ግን መሰለ።

ከዚህ በላይ የሚያናድድ ነገር አውቃለሁ ብትይ ውሸትሽን ነው። አንድ የማያውቅሽ ሰው፣ ከሚሴን ረግጦ የማያውቅ፣ ነጭ ካባ ለብሶ በብልቃጥ የሚለካ ሰው፣ የጥፍር ያህል አገኘሽ። ቤታችን ውስጥ ያለው ቅል ግን ጽጌረዳ ያገሳል። አገር ሁሉ ረስቶሽ ፋብሪካ ሲያስታውስሽ! የግንብ አጥር ተደግፌ ብርጭቆውን እስከ ሥሩ ጨረስኩት። ክዳኑንም ላስኩት። ወላሂ ላስኩት፤ ይህን ለይመር እንዳትነግሪው።

ቤት ስደርስ ሉባባ ጓሮ ነበረች። ቅሉን አውርዳ፣ የወይራ ፍም ወደ ሆዱ ከታ ታሽከረክረዋለች። እንዳንቺ ዓይኗን ጨፍና። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ አንገቱ ጠቆር ማለት ጀምሯል። ለካ ከታጠበበት ቀን ጀምሮ ሳትነግረኝ በየሁለት ቀኑ እያለቀለቀች፣ እያሞቀች፣ ስታጥነው ከርማለች። «ሳሙናው እየለቀቀ ነው አባዬ፤ ግን ለሰደቃው አይደርስም፣ ጊዜ ይፈልጋል» አለችኝ። ለዚህ ነው የፕላስቲኩን ያመጣችው፤ እንግዶችሽ ጢስ ሳይሸታቸው እንዳይሄዱ። እኔ ደግሞ ጮኼባት ሄጄ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?» አልኳት። «እናቴ ናት እንጂ ማን ይሆናል? እንጨቱን እያቀበልኳት አይቼ የለ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ አሸተተች። ጢሱ ሸትቷት መሰለኝ፣ የፕላስቲኩ፣ ከጺሜ ላይ። ፈገግ አለች። ምንም አላለችም። መዲና፣ የዚህች ልጅ ዝምታ አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። አስቤ ጨርሻለሁ፤ ሰደቃው ላይ የፕላስቲክ እርጎ አይቀርብም። ቅሉም ገና አይቀርብም፤ አይቸኮልበትም። የዳልቻን ትኩስ ወተት እንሰጣቸዋለን፤ እርጎው የታለ ያለ ሰው ካለ መልሱ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለ። ከዱዓው በኋላ ተነስቼ አነበዋለሁና። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁ ሰው አይደለሁ? ሸኾቹም፣ ይመርም፣ ሐያትም ይሰሙኛል። ከሮቢትም ያንን ልጅና እናቱን በሰው ጠርቻቸዋለሁ፤ መጥተው ይሰማሉ ኢንሻአላህ። የፊደል ስህተት ካለበት ሳቂብኝ፤ ድምፄ ከተቆራረጠ ግን እንዳታስቢበት፣ መነጽሩ የይመር ስለሆነ ነው።

አላህ ጀነተል ፊርደውስን ያድልሽ። እኔ አልረሳሽም። ሰው አልረሳሽም ሲል ልቡ ውስጥ ማለቱ ነው አይደል? የእኔ ልብ ሌባ ነው፣ አላምነውም፤ ስለዚህ በሥራ ነው የማስታውስሽ። ወይራውን ከዳገት እኔ ነኝ የማመጣው፤ ቆርጬ፣ አድርቄ፣ ለሉባባ አቀብላለሁ። ቅሉ ሲጠግብ በጁምዓ በር ላይ ቆማ ትቀዳለች፤ ስትዳርም ይዛው ትሄዳለች፣ የሚወስዳት ሰው ከእነ ስሟ ይወስዳታል። እኔ እንደ ድሮዬ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፣ ዴሚ ሳልባል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህ ቦታ ላይ ስደርስ በሰው ሁሉ ፊት ወረቀቱን አጥፌ መቀመጥ ያምረኝ ይሆናል፤ ሆኖም አነበዋለሁ።

አንቺ ስናገር ብቻ ሳይሆን ሳልናገርም የምታውቂኝ ሴት ነሽ፤ ልብ ብለሽ ከሆነ በዚህ ደብዳቤ ላይ ስንት ጊዜ ምያለሁ። ስለ ባጃጁ ምያለሁ፣ ስለ ነጋዴው ምያለሁ፣ ክዳን ስለመላሴ እንኳ ምያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልማልኩም። የዚያን ቀን ሉባባ ሮቢት ገበያ ሄዳ ነበር። እርጎ ሠርቼ ላስደንቃት ፈልጌ፣ ቅሉ ሻጋታ ቢሸተኝ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ከረጢቱን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው ያፈሰስኩት፤ «ሽታን ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል» እያልኩ፣ እየኮራሁ። ስትመለስ አረፋው ጓሮውን ሞልቶት ደረሰች። ቅሉን ከእጄ ተቀብላ አሸተተችው፤ «አባዬ» ብቻ አለች፣ ከዚያ እስኪመሽ በውሃ ስታለቀልቀው ዋለች። እኔ ለይመር ስሟን ስሰጥ እሷ ስሜን አልሰጠችም። ከዚያ ወዲህ ያየሽውን ዝምታ ሁሉ የተሸከመችው ለእኔ ነው።

ወላሂ መዲና፣ ቅልሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ።